ከባቡሩ በፊት ጫማው

የመንግሥት ገንዘብ አዲስ ድርጅት ሲመርጥ የሚመዝነው ወረቀቱን ነው ወይስ ሥራውን?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን የሚገባ ነጋዴ ሁለት ዓይነት አጥር ያያል። በአንደኛው አጥር በር የጭነት መኪና ይገባል፣ ይወጣል፤ ሠራተኛው በፈረቃ ይለዋወጣል። በሁለተኛው አጥር በር ላይ ግን የፕሮጀክቱ ስም የተጻፈበት ቆርቆሮ እንጂ ሌላ ነገር የለም፤ ግቢውን ሣር ውጦታል። ይህ ዓይነቱ አጥር የደብረ ብርሃን ብቻ አይደለም። የኢንቨስትመንት መሬት በተሰጠበት ከተማ ሁሉ ደላላው በጣቱ እየጠቆመ «ይሄኛው እንኳ ገዢ ካለ ይሸጣል» የሚለው ቦታ ነው።

የሁለቱም አጥር ባለቤቶች መሬት ወይም ብድር ሲጠይቁ ያቀረቡት ሰነድ ቢገለጥ ብዙ ልዩነት አይገኝበትም። የአዋጭነት ጥናት አለ፤ የንግድ ፈቃድ አለ፤ የባንክ ማስረጃ አለ፤ ፕሮጀክቱ ለምን ያህል ሰው የሥራ ዕድል እንደሚከፍት የሚገልጽ ሠንጠረዥ አለ። ታዲያ ወረቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ለፋብሪካ፣ ሌላው ለሣር የበቃው በምን ምክንያት ነው? መራጩስ አስቀድሞ ሊለያቸው ይችል ነበር ወይ?

ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የመንግሥት ገንዘብ የት ገባ የሚለው ነው። ከዚህ የሚቀድመው ጥያቄ ግን ገንዘቡ ሳይወጣ በፊት ሰጪው ምን አይቶ መረጠ የሚለው ነው። ለረጅም ዘመን የተሠራበት አመራረጥ አመልካቹ ነገ ምን እንደሚሠራ በወረቀት ላይ ያስጽፈዋል እንጂ ዛሬ በትንሹ ምን ሠርቶ ለማን እንደሸጠ አይጠይቀውም። በሽታው የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የማን ገንዘብ ነው?

«የልማት ባንክ ጉዳይ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ያገባዋል። ከሚያዝያ 2003 ዓ.ም. እስከ ኅዳር 2012 ዓ.ም. ድረስ የግል ባንኮች ለሚሰጡት ለእያንዳንዱ አዲስ ብድር የዚያን 27 በመቶ በሚያህል ገንዘብ የብሔራዊ ባንክን ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። ሰነዱ ለብዙ ዓመታት ይከፍል የነበረው ወለድ 3 በመቶ ሲሆን፣ ባንኮቹ በበኩላቸው ለቆጣቢው በትንሹ 5 በመቶ ይከፍሉ ነበር። በዚህ መንገድ የተሰበሰበው ገንዘብ በዋነኛነት የዋለው ለኢትዮጵያ ልማት ባንክ የረጅም ጊዜ ብድር ነው። በአጭሩ የመርካቶው ነጋዴ ሸቀጥ ማስመጫ ብድር ፈልጎ «ለጊዜው ገንዘብ የለም» ሲባል፣ የራሱ ቁጠባ ሌላ ቦታ ፋብሪካ እተክላለሁ ላለ ሰው ተላልፎ ነበር ማለት ነው።

ያ ገንዘብ ምን አፈራ? በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. የልማት ባንክ የተበላሸ ብድር ከጠቅላላው ብድር ወደ 40 በመቶ ተጠግቶ ነበር። በጋምቤላ በዝናብ ለሚለማ ሰፋፊ እርሻ የተሰጠው ብድር ጉዳይ በመንግሥት ሲጠና፣ የአንዱ ባለሀብት መሬት በሌላው ላይ ተደራርቦ መሰጠቱ ተደርሶበታል። ዓለም ገና ላይ የተተከለውና ብዙ የተባለለት አይካ አዲስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም በመጨረሻ በአበዳሪው እጅ ገብቷል። ባንኩ ከዚያ ወዲህ ከመንግሥት ተጨማሪ ካፒታል አግኝቶ፣ አሠራሩንም ፈትሾ የተበላሸ ብድሩን በብዙ መቀነሱን አስታውቋል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የቆየ ዕዳ ማስመለስና አዲስ ተበዳሪ መምረጥ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። የመጀመሪያው ሲሻሻል ሁለተኛው አብሮ ተሻሽሏል ብሎ መገመት አይቻልም።

ሚዛኑ እንዴት ይሠራል?

የመንግሥት ገንዘብ ፈላጊ በተለምዶ በሦስት ወንፊት ያልፋል።

የመጀመሪያው ወንፊት የዘርፍ ዝርዝር ነው። ሰፋፊ እርሻ፣ የእርሻ ምርት ማቀነባበሪያ፣ ማኑፋክቸሪንግ፣ ማዕድን ቅድሚያ የሚሰጣቸው ተብለው ሲጠሩ ቆይተዋል። አገር አቅጣጫ ሊኖራት ይገባልና ዝርዝር መኖሩ ባልከፋ። ክፋቱ በዝርዝሩ ውስጥ መገኘት እንደ ችሎታ መቆጠሩ ነው። ይህ ደግሞ ትናንት የመጣ አይደለም። ባንኩ የእርሻና ኢንዱስትሪ ልማት ባንክ ተብሎ ይጠራ በነበረበት በደርግ ዘመንም ለመንግሥት እርሻዎችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ያበድር የነበረው በዘመኑ ዝርዝር መሠረት ነበር። ዝርዝሩ ይለዋወጣል፤ ልማዱ ግን ይቀጥላል።

ሁለተኛው ወንፊት የባለሀብቱ መዋጮ ነው። ልማት ባንክ ለረጅም ጊዜ በሠራበት አካሄድ 30 በመቶው ከባለሀብቱ፣ 70 በመቶው ከባንኩ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የራሱን ገንዘብ ያስገባ ሰው ሥራውን በቀላሉ ጥሎ አይሄድም። ግን መዋጮው በእርግጥ ካልገባስ? ከውጭ የሚመጣ ማሽን ዋጋው ተጋንኖ ከቀረበ 30 በመቶው በወረቀት ላይ ሞልቶ ይታያል፤ ባለሀብቱም የራሱን አንድ ብር ሳያወጣ የፋብሪካ ባለቤት ይባላል። ሥራው ቢሳካ ትርፉ የእሱ ነው፤ ባይሳካ ኪሳራው የባንኩ ነው። በእንዲህ ያለ ጨዋታ ማን ይፈራል?

ሦስተኛው ወንፊት የአዋጭነት ጥናቱ ነው። ጥናት የሚያስጠናው አመልካቹ ነው፤ ለአጥኚው የሚከፍለውም እሱው ነው። ከፍሎ «አያዋጣም» የሚል ጥናት የሚያቀርብ አመልካች የት ይገኛል? በመጀመሪያው ዓመት 60 በመቶ፣ በሁለተኛው 80፣ በሦስተኛው 100 በመቶ ማምረት የሚለው ሠንጠረዥ ከአንዱ ጥናት ወደ ሌላው የስምና የአድራሻ ለውጥ ብቻ ተደርጎበት መሻገሩን በዚህ ሥራ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሏል እንዲህ ነው።

አጥኚው ሐቀኛ ቢሆን እንኳ ወረቀት ነገን አያይም። በደብረ ብርሃን በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሲታቀድ ኢትዮጵያ በአጎዋ አማካይነት ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ትልክ ነበር። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ያ ዕድል ታገደ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ድረስ ዘለቀ፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ በዘጋ ቁጥር ጥሬ ዕቃውም ምርቱም ባለበት ሲቆም ታይቷል። ይህን ሁሉ አስቀድሞ የጻፈ የአዋጭነት ጥናት የለም፤ ሊኖርም አይችልም።

ታዲያ አበዳሪው ይህን ሁሉ እያወቀ ለምን በወረቀት ይመርጣል? ምክንያቱ ሞኝነት አይደለም። አንድ የብድር ባለሙያ የሚጠየቀው ድርጅቱ በመክሰሩ ሳይሆን ከፋይሉ አንድ ሰነድ በመጉደሉ ነው። ፋይሉ የተሟላ ሆኖ ፋብሪካው ቢዘጋ «በመመሪያው መሠረት ነው» ይላል። ሰነድ ጎድሎ ፋብሪካው ቢሳካ ደግሞ የሚያመሰግነው የለም፤ ኦዲተር ግን ይመጣበታል። ወረቀቱ ለባለሙያው ጋሻ ነው። ሰው ደግሞ ጋሻውን አይጥልም።

ከትንሹ በላይ፣ ከትልቁ በታች

በታችኛው ጫፍ ሌላ ሚዛን አለ። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በተለምዶ አብቁተ የሚባለውና በ2014 ዓ.ም. ወደ ጸደይ ባንክ የተሸጋገረው፣ ለብዙ ዓመታት ያበደረው በቡድን ዋስትና ነው። ጎረቤት ለጎረቤት ሲዋስ የሚመዘነው ወረቀት ሳይሆን ሰው ነው፤ ማን ሰነፍ፣ ማን ታታሪ እንደሆነ መንደሩ ያውቃል። ይህ ጥሩ ነው፤ ግን ብድሩ ትንሽ ነው። ከዚያ በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ መጣ። የካፒታል ዕቃ ኪራይም መጣ፤ በዚህ አሠራር ተጠቃሚው ከማሽኑ ዋጋ 20 በመቶውን ሲያዋጣ አከራዩ ቀሪውን ይሸፍናል።

እንግዲህ አንድ ምሳሌ ይወሰድ። የመንዝና የአንኮበር ደጋ የበግ አገር ነው፤ ሴቶች ሱፍ ይፈትላሉ፣ ሸማኔው ባና ይሠራል። ደብረ ብርሃንም ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። በዚህች ከተማ 12 ፈታዮችንና 4 ሸማኔዎችን አሰባስቦ የሱፍ ምንጣፍ እያሠራ፣ አዲስ አበባ ላሉ ሱቆች ለ2 ዓመት በደረሰኝ የሸጠ አንድ ሰው አለ እንበል። ትእዛዝ በዝቶበታል፤ የሱፍ ማጠቢያና ማበጠሪያ ማሽን ይፈልጋል። ወደ ማይክሮ ፋይናንስ ቢሄድ የሚፈልገው ገንዘብ ከጣሪያው በላይ ነው። ወደ ንግድ ባንክ ቢሄድ የቤት ካርታ ይጠየቃል። ወደ ልማት ባንክ ቢሄድ መዋጮውና የፕሮጀክቱ መጠን አይመጥነውም። ማሽን በኪራይ ቢወስድ እንኳ ሱፍ መግዣ የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ያጥረዋል። የ2 ዓመት ሽያጩን እንደ ዋና ማስረጃ ቆጥሮ የሚያስተናግደው መስኮት ግን ማግኘት ይቸግረዋል። ምንም ሠርቶ የማያውቅና የሚያምር ጥናት የያዘ ሰው በአንጻሩ ወንፊቱን ያልፋል። እዚህ ላይ የሚጎዳው ባለ ምንጣፉ ብቻ አይደለም፤ ሱፍ ሻጩ ገበሬም፣ ምንጣፉን የሚያከፋፍለው ነጋዴም ነው።

አንኮበር ላይ የታየው ፈተና

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን በ1871 ዓ.ም. አንድ ወጣት የስዊስ መሐንዲስ ከሁለት የአገሩ ባለሙያዎች ጋር ሊያገለግል መጣ። አልፍሬድ ኢልግ ይባላል። እንደሚተረከው ንጉሥ ምኒልክ በመጀመሪያ የጠየቁት ድልድይ ወይም ባቡር አልነበረም። ጫማ ሥራልኝ አሉት። ኢልግ ጫማ ሰፊ አልነበረም፤ ቢሆንም ሠርቶ አቀረበ። ቀጥለው ጠመንጃ አዘዙት። ከውጭ ቢገዛ እንደሚረክስ ተናገረ፤ ንጉሡ ግን አልተቀበሉትም፤ ይኸንንም ሠርቶ አሳየ። ከዚያ በኋላ በአዋሽ ላይ ድልድይ ተሠራ። የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት የሚያስችለው ፈቃድ የተሰጠው በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ከጫማው 15 ዓመት ያህል በኋላ መሆኑ ነው።

የንጉሥ ፈቃድ ለዛሬ የመንግሥት ባንክ መመሪያ ይሁን የሚል የለም። መወሰድ ያለበት ቅደም ተከተሉ ነው። ጫማው ቢበላሽ የሚጠፋው አንድ ቁራጭ ቆዳ ነበር። ጠመንጃው ቢበላሽ ጥቂት ብረት ነበር። ሰውየው በእያንዳንዱ ደረጃ ሠርቶ ሲያሳይ የሚሰጠው ኃላፊነት አደገ። ሰጪው ነገን መተንበይ አላስፈለገውም፤ ትናንት የተሠራውን ማየት በቂው ነበር። አበው ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት ለብድርም ይሠራል።

ሌሎች ምን አዩ?

በናይጄሪያ መንግሥት በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለወጣት ነጋዴዎች የንግድ ዕቅድ ውድድር አወጣ። በመጀመሪያው ዙር ወደ 24,000 የሚጠጉ ሰዎች አመለከቱ፤ 1,200 ያህሉ አሸነፉ፤ ለእያንዳንዱ በአማካይ 50,000 ዶላር ገደማ ተሰጠ። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ተከታትለው ባጠኑት መሠረት ገንዘቡ ሥራ ፈጥሯል፤ አሸናፊዎቹ ካላሸነፉት የበለጠ ሰው ቀጥረዋል። ይሁን እንጂ ትልቅ ትምህርት የሚሆነው ሌላው ግኝት ነው። ዳኞች ለዕቅዶቹ የሰጡት ነጥብ ከአሸናፊዎቹ መካከል የትኛው እንደሚያድግ አልተነበየም። የተማሩ ዳኞች ወረቀት አንብበው ሊለዩ ካልቻሉ፣ የደብረ ብርሃን የቅርንጫፍ ባለሙያ በምን ተአምር ይለያል? ገንዘቡ ግን አንድ ጊዜ አልተሰጠም፤ ሥራው እየታየ በአራት ክፍያ ነው የወጣው።

እስራኤል በ1993 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዮዝማ የሚባል ፕሮግራም በ100 ሚሊዮን ዶላር ስትጀምር መንግሥት ራሱ ድርጅት መራጭ ከመሆን ይልቅ የግል መዋዕለ ንዋይ ፈንዶችን አቋቋመ። ከየፈንዱ ከ40 በመቶ አይበልጥ ድርሻ ያዘ፤ ቀሪውን ያመጡት የግል ባለሀብቶች ነበሩ። ሥራው ከተሳካ የመንግሥትን ድርሻ አስቀድሞ በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት ተሰጣቸው። የራሱን ገንዘብ ያስገባ ሰው ሲመርጥ ዓይኑ ይነቃል፤ ይኸው ነው ምሥጢሩ።

ሩቅ ሳይኬድ አገር ውስጥም ማስረጃ አለ። ከ2004 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ሴት ነጋዴዎችን ለመደገፍ በተዘረጋው ፕሮጀክት ልማት ባንክ ራሱ ተበዳሪ ከመምረጥ ይልቅ ገንዘቡን ለማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት አከፋፈለ፤ ተበዳሪዎቹን የመረጡት ደንበኛቸውን በቅርብ የሚያውቁት ተቋማት ናቸው። ባንኩ ትልልቅ ብድሮቹ በተበላሹበት በዚያው ዘመን የሴቶቹ ብድር በጥሩ ሁኔታ ይመለስ ነበር። የባንኩ ስም አንድ ነው፤ የተለየው መራጩ ነው።

መቃወሚያው

«የቢራ ፋብሪካ በሩብ አይተከልም፤ ሲሚንቶ ፋብሪካ በሙከራ አይጀመርም» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ለትልቅ ሥራም ቢሆን ፈተና አለ። ደብረ ብርሃን ላይ በ2007 ዓ.ም. ማምረት የጀመረው ሐበሻ ቢራ ሲቋቋም ከ8,000 በላይ ሰዎች አክሲዮን ገዝተዋል፤ በኋላም የሆላንዱ ባቫሪያ የራሱን ገንዘብና ሙያ ይዞ ገብቷል። የመንግሥት ባለሙያ የአዋጭነት ጥናት ከማንበቡ በፊት በሺህ የሚቆጠር ሰው በኪሱ ድምፅ ሰጥቷል ማለት ነው። ለትልቅ ፋብሪካ የሌላ ሰው እውነተኛ ገንዘብ መግባቱ ጫማው እሱ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ይከብዳል። ወረቀት የሚጠየቀው ዝምድናና ጉቦ እንዳይገባ ነው፤ ባለሙያው «ሥራውን አይቼ ወደድኩት» ማለት ከጀመረ በር ይከፈታል ይባላል። ይህ ስጋት ተገቢ ነው። ደረሰኝም ቢሆን በሐሰት ይታተማል፤ ነጋዴው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ነገር ግን የ2 ዓመት የባንክ ዝውውር፣ የተከፈለ ግብር፣ የደንበኛ ምስክርነትና በቦታው የሚሠራ ማሽን አንድ ላይ ሲታዩ ማጭበርበር ከጥናት ወረቀት ይልቅ ይከብዳል። ደግሞስ ወረቀቱ ዝምድናን መቼ አስቀረ? የተደራረበው የጋምቤላ መሬት ወረቀት ጎድሎት ነበር እንዴ?

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ለአዲስ ድርጅት የሚሰጥ የመንግሥት ብድር በደረጃ ይውጣ። የመጀመሪያው ክፍያ ትንሽ ይሁን፤ ለትንሹም የቤት ካርታ አይጠየቅ። ሁለተኛው የሚለቀቀው ሽያጭ ሲታይ እንጂ ግንባታ ሲታይ አይሁን፤ ግንብ ገዢ አያመጣም። መንገድ ተዘግቶ ሥራ የቆመበት ሰው ደግሞ ሥራ ጠልቶ ካቆመው እኩል አይታይ፤ ለእሱ ደረጃው ይራዘምለት።

ሁለተኛ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ተንቀሳቃሽ ንብረትን በመያዣነት ለመጠቀም የሚያስችለው አዋጅ በእርግጥ ይሠራበት። በጉ፣ ገብሱ፣ ማሽኑ፣ ያልተሰበሰበው የደንበኛ ሒሳብ በሕግ መያዣ መሆን ይችላል። ለደብረ ብርሃን ይህ ትርፍ ነገር አይደለም፤ ከተማዋ የብቅል ፋብሪካም የቢራ ፋብሪካም ስላላት የገብስ አቅራቢ የያዘው የግዢ ውል ከአንድ ጎጆ ቤት ካርታ የተሻለ መያዣ ነው።

ሦስተኛ፣ መንግሥት ብቻውን አይምረጥ። የግል ባለሀብት ከገንዘቡ እየጨመረ አብሮ ይምረጥ፤ ቢሳካ የመንግሥትን ድርሻ የመግዛት መብት ይኑረው። በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ውሎ አድሮ እንዲህ ላለው ድርሻ መሸጫ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ ውጤቱ ይነገር። ማን ምን ያህል ወሰደ፣ ለምን ተመረጠ፣ ከ3 ዓመት በኋላ የት ደረሰ የሚለው በየዓመቱ ይታተም። ባለሙያውም የሚመዘነው በፋይሉ መሟላት ብቻ ሳይሆን ከመረጣቸው መካከል ስንቱ በሕይወት እንዳለ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ጋሻው ወረቀት መሆኑ ይቀርና ሥራ ይሆናል።

እስከዚያው ግን የከተማው ባለሀብት መመሪያ መጠበቅ የለበትም። ነገ አንድ ሰው ባለቀለም የፕሮጀክት ጥራዝ ይዞ ሽርክና ቢጠይቀው፣ የአምስት ዓመቱን ትርፍ ከሚያሳየው ገጽ በፊት አንድ ጥያቄ ያቅርብ። እስካሁን ምን ሠርተህ ለማን ሸጠሃል ይበለው። መልስ ካለው ይቀመጡና ይነጋገሩ። መልስ ከሌለው መጀመሪያ ጫማውን ሠርቶ ያምጣ።